ኦትራንቶ፦ የካቴድራሉ ወለል ከየት ይጀመራል? ክሩ ከነመልሶቹ

ጠያቂው የኢንተርኔት የውይይት ክሩን የከፈተው በሁለት አጭር አንቀጽ ነው። በደቡብ ጣሊያን፣ ፑልያ ክልል፣ አድርያቲክ ባሕር ዳር ያለችውን ኦትራንቶን ከሌቼ ተነሥቶ በግማሽ ቀን አይቶ ለመመለስ አስቧል። ካቴድራሉን፣ ግንቡንና የድሮውን ከተማ ካየ ሌላው ይቅርብኝ ባይ ነው። ቀጥሎ ድምዳሜውን ያስቀምጣል። የካቴድራሉ የሞዛይክ (በትንንሽ ባለ ቀለም ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል) ወለል በፎቶ እንዳየው ከሆነ ዝብርቅርቁ የወጣ ነው፤ ኖኅና ታላቁ እስክንድር፣ ቃየልና የብሪታንያ ተረት ንጉሥ አርተር፣ ዝሆንና ባለ ዓሣ ጅራት ሴት ያለ ሥርዓት ተበትነዋል፤ የግሪክ ባለሙያዎች የሚያውቁትን ሁሉ ያፈሰሱበት ሥራ መሆን አለበት። በመጨረሻ ከየት ልጀምር ብሎ ይጠይቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መልስ 1 ጨዋ ነው፤ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚውም እሱ ይመስለኛል። በምዕራቡ ዋና በር ገብቶ፣ ብዙ ሳይራመዱ ቆም ብሎ ቁልቁል ማየት እንደሚገባ ይመክራል። እዚያ ሁለት ዝሆኖች አሉ። ጀርባቸው ላይ የዛፍ ግንድ ቆሟል፤ ግንዱ የመካከለኛውን ክፍል ርዝመት ይዞ እስከ መንበሩ አቅራቢያ ይዘልቃል። ሥዕሉ ሁሉ በዚያ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል ነው የተቀመጠው። ፎቶ አንሺዎች አንድ አንዱን ምስል ቆርጠው ስለሚያሳዩ ግንዱ ይቀርና ዝብርቅርቁ ይተርፋል። ከዚያ ቅደም ተከተሉን ይነግረዋል፦ ከበሩ ወደ ውስጥ ሲኬድ መጀመሪያ የባቢሎን ግንብና እስክንድር፣ ቀጥሎ ኖኅና መርከቡ፣ ከዚያ ዓሥራ ሁለቱ ወሮች በየክባቸው፣ ከዚያ ወዲያ ቃየልና አቤል፣ እንዲሁም ከገነት የተባረሩት አዳምና ሔዋን። ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ይገባዋል። ታሪኩ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፤ ከባቢሎን ወደ ጥፋት ውኃ፣ ከጥፋት ውኃ ወደ ቃየል፣ ከቃየል ወደ ገነት በር። ወደ መንበሩ የሚራመድ ምእመን ውድቀቱን ደረጃ በደረጃ እየተሻገረ ወደ መነሻው ይጠጋል።

መልስ 2 የባቢሎን ግንብና እስክንድር ለምን ጎረቤት እንደሆኑ ያክላል። እስክንድር በሁለት ግሪፊኖች፣ ማለትም የንስር ራስና ክንፍ፣ የአንበሳ ገላ ባላቸው አውሬዎች መካከል ተቀምጧል። በመካከለኛው ዘመን በሰፊው ይነገር በነበረው ታሪክ መሠረት፣ ንጉሡ ማባበያ ሥጋ ወደ ላይ ይዞ አውሬዎቹን ወደ ሰማይ አስበረራቸው። ግንቡም በረራውም ሰማይን በጉልበት የመድረስ ሙከራ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ከዛፉ ሥር አጠገብ፣ ከመንበሩ በጣም ርቀው ተቀምጠዋል። የእስክንድር ታሪክ ወደ ግዕዝም መተርጎሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታውሶ ያልፋል።

መልስ 3 ጠያቂውን ያርመዋል። ሥራው የግሪክ ባለሙያዎች እንዳልሆነ ወለሉ ራሱ ይመሰክራል፤ በላቲን ተጽፎበታል። ጽሑፎቹ 1163ንና 1165ን ይጠቅሳሉ። ያሠራው የኦትራንቶ ሊቀ ጳጳስ ዮናታስ ነው፤ ዘመኑ ደቡብ ጣሊያንን ይገዛ የነበረው የኖርማኑ ንጉሥ ጉልዬልሞ ቀዳማዊ ነው፤ የሠራው እጅ የጳንጣሌዎን ነው። ከ1160ዎቹ የአንድ የእጅ ባለሙያ ስም ከነአሠሪው ስምና ከነዓመተ ምሕረቱ ተሟልቶ የሚገኝበት ቦታ ብዙ አይደለም።

መልስ 4 ጳንጣሌዎን ከከተማው በስተደቡብ ባለው የካዞሌ ቅዱስ ኒቆላዎስ ገዳም መነኩሴ እንደነበር፣ ገዳሙም በግሪክ ሥርዓት የሚተዳደርና በቤተ መጻሕፍቱ የታወቀ እንደነበር ይጨምራል። ስለዚህ የጠያቂው የግሪክ ግምት ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም ባይ ነው።

መልስ 5 እዚህ ላይ ትንሽ ይሾላል። ወንድሜ ብሎ ቢጀምርም ቃናው የወንድም አይደለም። ጽሑፉ ጳንጣሌዎንን የሚጠራው ቄስ ብሎ እንጂ መነኩሴ ብሎ እንዳልሆነ፣ የካዞሌ ግንኙነት ከጊዜ በኋላ የመጣ ግምት መሆኑን፣ በየአስጎብኚው መጽሐፍ ስለተደጋገመ ብቻ እውነት እንደማይሆን ይነግረዋል። ገዳሙ በ1480 ወድሞ ዛሬ ከእርሻ መካከል ጥቂት ፍርስራሽ ብቻ ቀርቶታል። ከመጻሕፍቱ የተወሰኑት የተረፉት ካርዲናል ቤሳሪዮን ቀደም ብሎ ስለወሰዳቸው ነው። እርማቱ ትክክል ነው፤ አቀራረቡ ግን ትንሽ ለስለስ ቢል አይጎዳም ነበር።

መልስ 6 ወደ ተግባር ይመልሰናል። ካቴድራሉ ቀትር ላይ ለሁለት ሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ ከሌቼ ረፋድ ላይ የሚነሣ ሰው በር ተዘግቶ ይደርሳል። መግቢያ ክፍያ የለም። ወለሉ በገመድ ስለሚከለል የሚኬደው በዳር በዳሩ ነው፤ የመካከለኛው ክፍል አግዳሚ ወንበሮችም የሞዛይኩን ብዙ ቦታ ይሸፍናሉ። ስለዚህ አነስተኛ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ መሄድ፣ ዝሆኖቹን ከበሩ ካዩ በኋላ ግንዱን ከሩቅ መከተል፣ ከዚያ በቀኝ ዳር ወጥቶ በግራ ዳር መመለስ። የካሜራ ብልጭታ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም አይጠቅምም፣ ጠጠሮቹ አብዛኞቹ መስታወት ሳይሆኑ የአካባቢው ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ስለሆኑ ብርሃኑ ቀለማቸውን አጥቦ ያሳያቸዋል። የተሻለው ከላይኛው መስኮቶች የሚገባው የጧት ብርሃን ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበስ።

መልስ 7 ወለሉ ላይ ያለው ንጉሥ አርተር በዓለም የመጀመሪያው ምስል ነው ብሎ በልበ ሙሉነት ይጽፋል። መልስ 8 በአንድ መስመር ይመልስለታል፦ የሞዴና ካቴድራል ሰሜናዊ በር ቅስት ላይ ስሙ ተጽፎበት የተቀረጸ አርተር አለ፤ እሱም የዚያው 12ኛ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ኦትራንቶን ይቀድማል።

መልስ 9 ይህን ክርክር ትቶ አርተር ለምን ቀንድ ያለው ፍየል መሰል እንስሳ ላይ እንደተቀመጠ ይጠይቃል። መልስ 10 ሲመልስ፣ ለእንስሳው የተሰጡት ትርጉሞች ብዙ መሆናቸውን፣ አጠገቡ ያለው ትልቅ ድመት መሰል አውሬ ደግሞ አርተር ከድመት ጋር ተዋጋ ከሚለው የቆየ ተረት ጋር እንደሚያያዝ ይገልጻል። ዋናው ማስጠንቀቂያው ግን ሌላ ነው። ይህ የወለሉ ክፍል በኋለኛ ዘመን እድሳት ተነካክቷል፤ ስለዚህ ከአንዲት ዘውድ ወይም ከአንድ የእጅ አቀማመጥ ተነሥቶ ትልቅ ትርጓሜ መገንባት አደገኛ ነው። በደንብ የሚያይ ሰው የተጠገነውን ከጥንቱ በጠጠሮቹ አቀማመጥ ይለየዋል። ጥንታዊው ረድፍ የምስሉን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል፤ ጥገናው ቀጥ ቀጥ ይላል፣ በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም እኩል እኩል ነው።

መልስ 11 ለእኛ አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበውን ያነሣል። መንበሩ ባለበት ከፍታ ላይ ወለሉ ዛፍነቱን ትቶ በአራት በአራት የተደረደሩ ዓሥራ ስድስት ክቦች ይሆናል። አዳምና ሔዋን እዚያም አሉ፤ ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነ አዳኝ፣ ጅራቷን ለሁለት ከፍላ የያዘች የባሕር ሴት አሉ። ከነሱ ጋር በሁለት ክቦች ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ አዜብ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው በላቲን ተጽፎላቸዋል። መንበሩ አጠገብ መውጣት ስለማይቻል ከገመዱ ውጭ ሆኖ በሩቅ ማያ መነጽር ነው የሚታየው። ብዙ የሀገር ቤት ሰዎች ሳያዩዋት እንደሚመለሱ ሲጽፍ ቁጭቱ ይሰማል።

መልስ 12 ወዲያው ይዘልላል። ይህ ክብረ ነገሥት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን መድረሱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነው ባይ ነው፤ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክትም አለው።

መልስ 13 ክሩ ውስጥ የመጀመሪያው በእውነት የተቆጣ መልስ ነው። ክብረ ነገሥት በግዕዝ የተጠናቀረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወለሉ የተነጠፈው 1160ዎቹ ላይ ነው፤ አባት ከልጁ በኋላ አይወለድም። የንግሥቲቱ መጠሪያ የመጣው በማቴዎስ ምዕራፍ 12 ቁጥር 42 እና በሉቃስ ምዕራፍ 11 ቁጥር 31 ከተጠቀሰው የጌታ ቃል ነው፤ በፍርድ ቀን ተነሥታ ትፈርዳለች ከተባለው። የፈረንሳይ ካቴድራሎች በሮችም በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን እሷን አቁመዋታል። አንድ ምስል ባየን ቁጥር ከእኛ ተወሰደ ማለት ምስሉንም እኛንም ያሳንሳል ብሎ ይዘጋል። መልስ 14 ቁጣውን ያበርደዋል፦ ነጥቡ ትክክል ነው፣ ግን ንግሥቲቱ ከሰሎሞን ጋር እኩል በሆነ ክብ፣ እኩል በሆነ ክብር መቀመጧ ማንም ሳይዋስ ራሱን የቻለ ነገር ነው። እኔ ከመልስ 14 ጋር ነኝ።

መልስ 15 ጠያቂው ራሱ ነው። አመስግኖ ስለ ወሮቹ ይጠይቃል። የጁን ክብ ውስጥ ማጭድ የያዘ አጫጅ አየሁ፤ አጨዳ በክረምት መግቢያ እንዴት ይሆናል? መልስ 16 በትዕግሥት ያስረዳዋል። የሜዲትራንያን ዝናብ የሚዘንበው ከመከር እስከ ጸደይ ነው። ስንዴ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይዘራል፣ ክረምቱን በብርድ ውስጥ ይቆያል፣ ጁን ላይ በድርቁ ጸሐይ ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ዝናብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ክቦቹን በዚህ ዓይን ለሚያይ የገበሬ ዓመት ወለል ብሎ ይታየዋል፦ ጃንዋሪ ላይ እሳት የሚሞቅ ሰው፣ ጁን ላይ አጫጅ፣ በጋው ሲያበቃ ወይን ለቀማና ረገጣ፣ ዲሴምበር ላይ ዓሣማ። እያንዳንዱ ክብ የወሩን ስምና የኮከቡን ምልክት ይዟል። ኮከብ ቆጠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ምልክቶቹ የተቀመጡት ጊዜን ለመቁጠር ነው እንጂ ዕጣ ለመጣል አይደለም።

መልስ 17 ከወለሉ በታች ስላለው ቤተ ጸሎት ይናገራል። በጎን በኩል ባለ ደረጃ ይወረዳል። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ካቴድራሉ የተቀደሰው በ1088 ስለሆነ ሞዛይኩን በብዙ ይቀድማል። አርባ ሁለት አንድ ወጥ የእብነ በረድ ዓምዶች አሉት፤ የአምዶቹ ራሶች አንዱ ከሌላው አይመሳሰሉም፣ ከጥንት ፍርስራሾች እየተለቀሙ የመጡ አሉበት። ይህ መልስ ላሊበላን ይጠቅሳል፤ እዚያም ከምድር በታች ነው ብሎ። መልስ 18 ያስተካክለዋል። ላሊበላ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ሠራተኛው ድንጋይ አውጥቶ ባዶ ይፈጥራል። ኦትራንቶ ላይ ዓምዱና ቅስቱ አንድ በአንድ ተገንብቶ ላዩ ላይ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ተጭኗል። በአንደኛው የሚፈራው መሰንጠቅ ነው፤ በሁለተኛው የሚፈራው የዓምዱ መስመጥ ነው። ንጽጽሩ ለስሜት ያምራል፣ ለግንበኛ ግን አይረዳም ብሎ ይጨርሳል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ድንጋይ ይዞራል፤ እኔ እንደ አንባቢ የወደድኩት ክፍል ነው። መልስ 19 የድሮው ከተማ ግድግዳዎች ለምን እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ እንደሆኑ ይጠይቃል። መልስ 20 ሰፊ መልስ ይሰጣል፤ በአካባቢው ግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። የሌቼ ድንጋይ የሚባለው ለስላሳ፣ ቢጫ ነገር የኖራ ድንጋይ ነው። ሲቆፈር በመጋዝ ይቆረጣል፣ በቢላ ይጠረባል፤ የሌቼ አብያተ ክርስቲያናት ያንን ሁሉ አበባና መልአክ የተሸከሙት ለዚህ ነው። ግን ቀዳዳው ብዙ ነው። የባሕር ነፋስ ጨው ያመጣል፤ ጨዋማ እርጥበት ወደ ድንጋዩ ይገባል፤ ሲደርቅ ጨው በቀዳዳው ውስጥ ይጠጥርና ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋል። ገጹ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል፤ የተበላው ጎድጓዳ ደግሞ ነፋሱን ስለሚያሽከረክር ቶሎ ቶሎ ይሰፋል። የሚብሰው ውኃ ያለማቋረጥ የሚያገኘው ግድግዳ ሳይሆን እየራሰ እየደረቀ የሚኖረው ነው።

መድኃኒቱንም በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። የላላውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት። የወረቀት ብስባሽ በማዕድን አልባ ውኃ ለውሶ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት መለጠፍ። እስኪደርቅ መተው፤ ሲደርቅ ጨዉን ስቦ ይይዛል። ልጦ ማንሣትና ጥቂቱን በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፎ የውኃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለካት። ቁጥሩ እስኪወርድ ድረስ መድገም። ሰዎች የሚሳሳቱት ቶሎ ልጠው ሲያነሡት ነው፤ ያልደረቀ ብስባሽ ጨዉን ከመሳብ ይልቅ አርጥቦ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ክፍተቱ በኖራና በአሸዋ ይሞላል። መልስ 21 ለምን ሲሚንቶ አይሆንም፣ ይጠነክር የለም ወይ ሲል ይጠይቃል። መልስ 20ን የጻፈው ሰው በመልስ 22 ተመልሶ፣ ችግሩ መጠንከሩ ራሱ መሆኑን ይነግረዋል። ሲሚንቶ እርጥበት አያስወጣም፣ የራሱን ጨውም ይዞ ይመጣል፤ ውኃው በለስላሳው ድንጋይ በኩል መውጫ ስለሚፈልግ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥገናው ቆሞ ዙሪያው ያለው ጥንታዊ ድንጋይ ይረግፋል። ወለሉንም አያይዞ ይነካል። ሞዛይክ ከቦታው ሲነሣ ፊቱ ላይ በውኃ የሚለቅ ሙጫ ተቀብቶ ጨርቅ ይለጠፋል፣ ከሥር ይቆረጣል፣ በክፍል በክፍሉ ይገለበጣል፣ ጀርባው ይጸዳል፣ አዲስ መደብ ላይ ይመለሳል፣ ጨርቁ በሙቅ ውኃ ይነሣል። የብረት ዘንግ ያለበት ኮንክሪት መደብ ባሕር ዳር አይመከርም፤ ብረቱ ሲዝግ ያብጣል፣ ያበጠው ብረት ጠጠሮቹን ይፈነቅላል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦትራንቶ ላይ በተካሄደው ትልቅ እድሳት ከሞዛይኩ ሥር ከእሱ በብዙ የሚቀድም ሌላ የሞዛይክ ወለል መገኘቱን በማለፍ ይጠቅሳል።

መልስ 23 ግንቡን ያነሣል፤ ክሩም በዚያው ኦቶማኖች ከተማዋን ከብበው ወደ ያዙበት ወደ 1480 ገባ። አሁን ያለው ግንብ የአራጎን ነገሥታት ከተማዋን ካስመለሱ በኋላ ያሠሩት ነው። ክብ፣ ወፍራም፣ ግርጌያቸው ተዳፋት የሆነ ማማዎቹ መድፍን አስበው የተሠሩ ናቸው፤ ቀጥ ያለ ረጅም ግድግዳ ጥይቱን በሙሉ ኃይሉ ይቀበለዋል፣ ክብና ተዳፋት ግን ያንሸራትተዋል። የከተማዋ ቀደምት ግድግዳ ይህ አልነበረውም። በየመንገዱ ጥግ የሚታዩት ድቡልቡል ድንጋዮችም ጌጥ ሳይሆኑ የዚያ ከበባ ጥይቶች ናቸው።

መልስ 24 ታሪኩን ይተርካል። በጁላይ 1480 መጨረሻ በገዲክ አሕመድ ፓሻ የሚመራ የኦቶማን ጦር አረፈ። ኦገስት 11 ከተማዋ ወደቀች፤ ሊቀ ጳጳሱ ካቴድራሉ ውስጥ ሞተ። ኦገስት 14 ስምንት መቶ ያህል ወንዶች እምነታችሁን ቀይሩ ሲባሉ እምቢ በማለታቸው ሚኔርቫ በሚባለው ኮረብታ ላይ አንገታቸው ተቆረጠ፤ የመጀመሪያው አንቶኒዮ ፕሪማልዶ የሚባል አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበር። የኦቶማኑ ሱልጣን ሜሕመድ ሁለተኛ በሜይ 1481 ሲሞት ጦሩ ድጋፍ አጣ፤ የካላብሪያው መስፍን አልፎንሶ በሴፕቴምበር ከተማዋን አስመለሰ። የተገደሉት ሰዎች አፅም በካቴድራሉ ቀኝ ጸሎት ቤት በትልልቅ የመስታወት ሣጥኖች ይታያል፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ቅድስናቸው እንደሚታወጅ የተነገረው በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2013 ጉባኤ ላይ ነው፤ የሮሙ ጳጳስ ቤኔዲክት 16ኛ ሥልጣን መልቀቁን ያሳወቀበት ያው ጉባኤ። ያወጀው ተተኪው ፍራንሲስ ነው፣ ሜይ 12።

መልስ 25 ይህን የተለመደ ትረካ ይቃወማል። ለክስተቱ በጣም የሚቀርቡት ጽሑፎች እምነት ቀይሩ የሚለውን ምርጫ በግልጽ አያነሡም፣ ትረካው ከጊዜ ወደ ጊዜ ጎልቶ መጣ የሚሉ የታሪክ ሊቃውንት እንዳሉ፣ የግድያው ምክንያት ቅጣት ወይም ቤዛ መክፈል አለመቻል ሊሆን እንደሚችል ይጽፋል። ቬኒስ በ1479 ከኦቶማኖች ጋር ሰላም ፈርማ ዝም ብላ ማየቷንም ያስታውሳል። መልስ 26 በቁጣ ሰማዕታትን መካድ ይለዋል። መልስ 27 የባሰውን ይመልሳል፤ ስለ ኦትራንቶ አንድ ቃል የለውም፤ ስለ ዛሬ ፖለቲካ ነው። መልስ 28 የአወያዩ ነው፦ የሃይማኖት ስድብ እንደሚሰረዝ፣ ከዚህ በኋላ ምንጭና ዘመን የሌለው መልስ እንደማይቆይ አስጠንቅቆ ሁለት መልሶች አንሥቷል። ለነገሩ መልስ 25 ማንንም አልካደም፤ ሰዎቹ መሞታቸውን ሳይሆን ስለ ሞታቸው የተጻፈውን ነው የመረመረው።

መልስ 29 ውጥረቱን በብልሃት ያረግበዋል። ኦትራንቶ በወደቀችበት ድንጋጤ ውስጥ ጳጳሱ ሲክስተስ አራተኛ በቱርኮች ላይ አጋር ይፈልግ ነበር። በ1481 ከኢትዮጵያ የመጡ መልእክተኞች ሮም ሲደርሱ በክብር የተቀበላቸው በዚህ ሰዓት ነው። ከሮሙ ቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ዘመን ጋር ይያያዛል። ከመልስ 12 ይልቅ ኢትዮጵያን ከኦትራንቶ ጋር በእውነት የሚያገናኛት ይህ ነው።

መልስ 30 ብዙ ጎብኚ የሚያልፈውን የኦትራንቶውን ቅዱስ ጴጥሮስ ይመክራል። በድሮው ከተማ ከፍተኛው ቦታ ያለ ትንሽ የቢዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አራት ዓምዶች፣ መካከል ላይ ጉልላት፣ በምሥራቅ ሦስት ግማሽ ክቦች። ከግድግዳ ሥዕሎቹ ጥንታዊዎቹ ጸሎተ ሐሙስ የእግር አጠባና የመጨረሻው እራት ናቸው፤ ጽሑፋቸው በግሪክ ነው። የከተማዋን ግሪካዊነት የሚፈልግ ወለሉ ላይ ሳይሆን እዚህ ይፈልገው። የሚከፈትበት ሰዓት እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ተዘግቶ ካገኙት ካቴድራሉን አይተው መመለስ ይሻላል።

ቀጥሎ ክሩ ባሕር ገባ። መልስ 31 ባሕር ውስጥ ስለ መዋኘት ይጠይቃል። መልስ 32 የሳሌንቶን፣ ማለትም ሌቼና ኦትራንቶ ያሉበትን ልሳነ ምድር፣ ደንብ ይነግረዋል፦ ከሰሜን ሲነፍስ ወደ ዮንያን ባሕር ዳርቻ፣ ከደቡብ ሲነፍስ ወደ አድርያቲክ፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲሆን ውኃው ይረጋል። መልስ 33 በ1976 ሥራ ያቆመውን የቦክሳይት ማዕድን ጉድጓድ፣ ቀይ አፈርና አረንጓዴ ሐይቁን ይጠቅሳል። መልስ 34 ይህ የሥነ ጥበብ ክር ነው ብሎ ያጉረመርማል፤ ማንም አልሰማውም።

መልስ 35 መጓጓዣውን ይዘረዝራል። ከሌቼ በባቡር ማሊዬ ላይ ተቀይሮ ይደረሳል፤ ርቀቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙ ባይበልጥም ቅያሬው ሰዓት ይበላል። እሑድና በዓል ቀን ባቡሩ ስለሚቀር ወይም በአውቶቡስ ስለሚተካ የዕለቱን ሰሌዳ ሳያዩ መነሣት አይገባም። መኪና ያለው ከግድግዳው ውጭ በሰማያዊ መስመር ከፍሎ ያቁም፤ የድሮው ከተማ ለነዋሪ ብቻ ነው፣ ካሜራው ቅጣቱን ቤት ድረስ ይልካል። ከኦገስት 13 እስከ 15 የሰማዕታቱ በዓል ስለሆነ ወለሉን ለማየት የሚመጣ ቀኑን ይቀይር።

መልስ 36 እንደገና ጠያቂው ነው። ግማሽ ቀኑን ወደ ሙሉ ቀን ቀይሯል፤ ጧት ካቴድራል፣ ቀትር ላይ ግንብ፣ ከሰዓት ቅዱስ ጴጥሮስ። ዝብርቅርቅ ያለውን ለመካከለኛው ክፍል ብቻ ያነሣል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተረታም። የቀኝ ጎኑ ወለል ላይ ያሉት አውሬዎችና ዓለምን የተሸከመ የሚመስለው ሰው አሁንም ሥርዓት የላቸውም ባይ ነው።

መልስ 37 አይከራከረውም። ቀኝ ጎኑ ከወለሉ ሁሉ አስቸጋሪው እንደሆነ፣ ተመራማሪዎችም በአንድ ንባብ እንዳልተስማሙበት ይቀበላል። የሚመክረው በግራ ጎን እንዲጀምር ነው። እዚያ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ የጻድቃንን ነፍሳት በእቅፋቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ ወዲያ ማዶ ሰይጣን ስሙ ተጽፎበት ከኃጥአኑ ጋር አለ። ጊዜ ከተረፈው ወደ ቀኙ ይሻገር፤ ትርጉሙን ካገኘ ደግሞ እዚሁ ክር ላይ ይጻፍልን።